ሰባት ቤት ያለፈችው ሕዋስ

ትናንት ቀትር ላይ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። ባለቤቴ ይመኙሻል በሽተኞች ክፍል ውስጥ ተኝታ አዲስ መድኃኒት እየወሰደች ነበር። ሐኪሞቹ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከጡቷ የካንሰር ዕጢ ሕዋስ ወስደው በብልቃጥ ሲያሳድጉ ኖረዋል። መድኃኒቱ በዚያ ሕዋስ ላይ ተሞክሮ እንደሠራ ሐኪሙ ነግሮኛል።

በሕልሜ ሐኪሞቹ ጉልበታቸውን አቅፈው ብልቃጥ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሕዋሶቹ ነጭ ጋውን ለብሰው ሮዝ ቀለም ያለው መረቅ በማንኪያ ያጎርሷቸዋል። አንዷ ሕዋስ፣ በሬ የምታክል፣ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች። ይመኙሻል ፊቷ ቆማለች።

«ይቺ ሴትዮ እኔን አትመስልም» አለች ሕዋሷ። «መድኃኒቱ የተሠራው በእኔ ልክ ነው። አይሰጣትም።»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አልኳት።

«አላወቅኸኝም? ከሚስትህ ጡት የወጣሁ ነኝ።»

በዚህ ዕድሜዬ «አንተ» አለችኝ።

«ሚስቴ እንዲህ አትሰባም» አልኩ። «እንዲህም አትናገርም።»

«አሥራ አንድ ዓመት ስኳር ስጠጣ ኖሬ! እዚያ ብልቃጥ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ያልተራባ ተደፋ። የቀረነው የፈጠንን ነን። አንተ ብትሆን እንደነበርክ ትቀር ነበር?»

ደሜ ፈላ። «ከእሷ እስከ አንቺ ስንት ትውልድ ነው?»

አንድ ሸበቶ ሐኪም ከብልቃጡ አንገቱን አስግጎ፣ «አምስት መቶ ያልፋል» አለ።

«በእኛ አገር ሰባት ቤት ያለፈ ዘመድ አይባልም! ዘመዷ ካልሆንሽ ስለ እሷ አፍሽን አትክፈቺ!»

ሕዋሷ ትንሽ አሰበች። ፊቷ በራ።

«እውነትህን ነው። ሰባት ቤት ካለፈ መጋባት ይቻላል። በል አግባኝ።»

ወዲያው ድንኳን ተተከለ። ሐኪሞቹ በየብልቃጣቸው እልል አሉ። ሕዋሷ ቬሎ አጥልቃ ሳትጨርስ ለሁለት ተከፈለች፤ ሁለቱም ሙሽራዋ እኔ ነኝ አሉ። አራት ሆኑ። ስምንት ሆኑ። ቦታ ጠበበን ብለው ይመኙሻልን እየገፉ ከድንኳኑ አስወጧት።

«ሚስቴ ያቺ ናት!» ብዬ ከዘራዬን ሰነዘርኩ።

«አባባ! ኧረ አባባ፣ ቀስ ይበሉ!»

ዓይኔን ስገልጥ ሐኪሙ ነው። ከዘራዬን በሁለት እጁ ይዞታል።

«እንዴት ሆነች?» አልኩት።

«መድኃኒቱ አልሠራላትም። ከእንግዲህ ቤት ቢወስዷት ይሻላል።»

«ብልቃጥ ውስጥ ሠርቷል አላላችሁኝም?»

«እዚያማ አሁንም ይሠራል፣ አባባ» አለኝ።