ማሰብ የተማረ እጅ

«ጭንቅላቱ ባዶ ነው» የሚለውን ስድብ ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ባገኘው ግን የማጫውተው ጉዳይ አለኝ። እናንተዬ፣ በዕድሜዬ ጢም ብሎ የሞላ ጭንቅላት ስንቱን አየሁ መሰላችሁ! ባዶ ያየሁት አንድ ብቻ ነው። እሱንም አላስተረፉልንም።

ባለቤቱ መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ፤ ባሕር ዳር ላይ ወረብ ሲወረብ ከበሮ መቺው እሳቸው ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጣና ዳር ተቀምጠው፣ መዳፋቸው እንደ በሬ ሰኮና እስኪደድር አንዱን ምት ሲደጋግሙ ኖረዋል። ተማሪዎቻቸውን «እጅህ እስኪያውቅ ጭንቅላትህ ይድከም፤ ካወቀ ወዲያ ጭንቅላትህን አሳርፈው» ይሏቸዋል። ከበሮውን ካነገቱ በኋላ ፊታቸው ነፋስ የሌለበት ሐይቅ ነው። አይቸኩሉም፤ «እንዴት ነው?» ብለው የሰው ዓይን አያዩም። አንድ ቀን ሲመቱ ጉማሬዎቹ ከውኃው ብቅ ብለው ግራና ቀኝ ሲወዛወዙ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ካላመናችሁ ጉማሬዎቹን ጠይቁ።

ደርግ መጣና ቀበሌያችን ለአብዮት በዓል የኪነት ቡድን ሲያቋቁም ከበሮ መቺ ጠፋ፤ መሪጌታን አመጧቸው። በዚያ ዘመን እምቢ ማለት የት እንደሚያደርስ ለእናንተ አልነግርም። መዝሙሩ ተጀመረ፤ እሳቸውም እንደታዘዙት ድም ድም አደረጉ። መዝሙሩ ግን አያልቅም፤ ካድሬ የጻፈው ነዋ! ሲሰለቻቸው እንደ ልማዳቸው ጭንቅላታቸውን አሳረፉት። ብቻውን የቀረ እጅ ወዴት ይሄዳል? ወደ ቤቱ ሄደ።

ወረብ!

ምኑን ልንገራችሁ! ወደ ላይ የተነሳው የግራ ቡጢ ሁሉ ተፈትቶ ማጨብጨብ ያዘ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ እንኳ ትከሻቸው አላስቀምጥ አላቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር ድሮ ዲያቆን ነበር፤ መድረኩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የመፈክሩን ዘንግ እንደ መቋሚያ ያወዛውዛል። ዓይኑን ሲገልጥ ካድሬው አጠገቡ ቆሟል። የፈራ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል።

«ጓድ መሪጌታ! ምን አስበው ነው?» ብሎ ጮኸ ሊቀመንበሩ።

«ኧረ አላሰብሁም ልጄ። ባስብማ ይበላሽብኝ ነበር።»

«ሰማችሁ? በገዛ አፋቸው አመኑ! ንቃት የላቸውም!» አለ ወደ ካድሬው ዞሮ።

ለንቃት ትምህርት ተብለው ተወሰዱ። በጋውን ሁሉ ሲጋቱ ከርመው ለሰኔ ሚካኤል ደረሱ። እጃቸውን አልነኩባቸውም፤ ይህን ለአብዮቱ እመሰክራለሁ። ደስ ብሎን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከበሮውን አስያዝናቸው። እጃቸው ወደ ላይ ወጣ። እዚያው ቀረ። በሩን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፦

«ልጄ፣ ይችኛዋ ምት ትፈቀዳለች?»

«ትፈቀዳለች መሪጌታ» አልኋቸው።

መቱ። አንዲት ምት እንኳ አልተሳሳተችም፤ ትክክል ብቻ ነበር። ምዕመኑም በትክክል አጨበጨበ፤ መጀመሪያ ማን ከኋላው እንደቆመ አይቶ።