አንድ ማሞቂያ ለሦስት ቤት

አማቱን የሚያሞግስ ወንድ ስታዩ መጠርጠራችሁ አይቀርም። ወይ ሊበደር ነው፣ ወይ ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች። እኔ ግን ሚስቴ ያልጋነሽ ገበያ ወጥታለች፤ ከማንም ጋር የብድር ጉዳይ የለኝም። ስለ አማቴ ስለ እማማ ትርንጎ የማወራችሁ ሳወራ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ በፈረንጆቹ ቆጠራ ማለቴ ነው። ከጎንደር ተነስተን በሱዳን በኩል እዚህ እስራኤል ከገባን ብዙም አልቆየንም። መጀመሪያ ያረፍነው መርካዝ ክሊታ በሚሉት የአዲስ ገቢዎች ማረፊያ ነበር። እዚያ መብራቱ ይበራል፣ ውሃው ይወርዳል፣ ማን እንደሚከፍል የሚያውቅም የሚጠይቅም የለም። አገሩ ሁሉ እንዲህ መሰለን። ኋላ ፔታ ቲክቫ ከተማ፣ ራማት ቬርበር በሚሉት ሰፈር አንደኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጠን፤ እኔም ሰጉላ በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሥራ ገባሁ። ቁልፍ በተቀበልን ሰሞን ዘመድ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ እያለ መጣ። ከዘመድ ቀጥሎ ሂሳቡ መጣ።

የውሃ ሂሳብ አለ፣ የጋዝ አለ፣ የኻሽማል አለ፤ እዚህ ኤሌክትሪክን እንዲያ ነው የሚሉት። የደረጃው አምፖል እንኳ ይከፈልበታል። ውሃ በገንዘብ መሆኑን ሳስረዳቸው፣ አብረውን የሚኖሩት እማማ ትርንጎ ዝናቡንስ ያስከፍላሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለጊዜው ነጻ ነው አልኳቸው። በዚያ ላይ የዚያ ዘመን ዋጋ እንደ ተቀመጠ አያድርም። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ያየሁትን የዘይት ዋጋ ማታ ስመለስ ፍቀው ሌላ ጽፈውበት አገኘዋለሁ። ባለሱቁ ራሱ ግራ ገብቶት ይስቃል።

ከሁሉ የጎዳን ግን ዱዱ ነው። ዱድ ማለት ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ የውሃ ማሞቂያ በርሜል ነው። ፀሐይ ስትኖር በፀሐይ ይሞቃል፣ ስትጠፋ በኻሽማል። ቤት ውስጥ ባለው ማብሪያው ላይ ቀይ መብራት አለች። ቀይ ምን ማለት ነው? አደጋ! አትንኩ! እኛም አልነካንም። ልጆቹ በአጠገቡ ሲያልፉ እንኳ እንቆጣቸው ነበር። ቀንና ሌሊት ስትበራ ከረመችና የመጀመሪያው የኻሽማል ሂሳብ ግማሽ ደሞዜን ይዞት ሄደ። ጥፋቱ የት እንዳለ አልገባኝም። ብቻ ሰው ሲቸግረው አዋጅ ያወጣል አይደል? እኔም አዋጅ አወጣሁ። ለብርዱ ብዬ ከገበያ የገዛኋት የቤት ማሞቂያ ማታ ማታ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ትበራለች፣ ከዚያ ሁሉም ብርድ ልብሱን ይዞ ይተኛል አልኩ። እማማ ትርንጎ አልተቃወሙም። እሱ ራሱ ሊያሰጋኝ ይገባ ነበር።

ጎንደርም ብርድ አለ፤ ብርድ አናውቅም አልልም። የዚህ ብርድ ግን ከወለሉ ነው የሚመጣው። እግር ይይዝና ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ የዝናብ ቀን ከፋብሪካ ስመለስ፣ ማሞቂያዋ ያለ ሰዓቷ ቦግ ብላ በርታለች። ፊት ለፊቷ ደግሞ አንዲት የማላውቃት ነጭ አሮጊት በእኔ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። እማማ ትርንጎ እግራቸውን ያሹላቸዋል።

ያልጋነሽ ወደ ጓዳ ጠርታ ነገረችኝ። ሴትዮዋ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከሩማንያ የመጡ ባልቴት ናቸው፤ ስማቸው ሪቭካ ነው። እማማ ትርንጎ ቀን ቀን የሪቭካን ኮቴ ከላይ ይሰሙ ኖሯል። ኮቴው ሲጠፋባቸው ወጥተው በሩን አንኳኩ። ቢጠብቁም የሚከፍት የለም፤ ገፋ ቢያደርጉት አልተቆለፈም። ሪቭካ ካፖርትና ባርኔጣ እንዳደረጉ አልጋ ላይ ተጠቅልለዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ጥሩ ማሞቂያ አላቸው፤ ሂሳቡን ፈርተው ነው የማያበሩት። የጋራ ቋንቋ የላቸውምና እማማ ትርንጎ ምንም ሳይናገሩ ደግፈው፣ በደረጃው አውርደው አመጧቸው። በማግስቱ ያየቻቸው ሐኪም፣ እዚያ ቤት አንድ ሌሊት ቢጨምሩ ኖሮ አይተርፉም ነበር አለች።

እኔስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዘንኩ፤ ግን ዓይኔ ከማሞቂያዋ አልነቀል አለ። ሪቭካ ካገገሙ በኋላም በየማታው መምጣታቸውን ሳይ ለእማማ ትርንጎ በአክብሮት፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ ኻሽማሉ ከበደን አልኳቸው። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይቺ ማሽን ሰው ስትቆጥር አይተሃታል?» አሉኝ። «ለእኛ ብቻ ስትነድና እሳቸው ሲጨመሩ ሂሳቡ ልዩነት አለው?»

አሰብኩ። የለውም።

«እንግዲያ የከበደህ ሰው ነው ወይስ ኻሽማል?»

አዋጄም በዚያው ተሻረ።

ሪቭካ ባዶ እጃቸውን የሚቀመጡ ሴት አልነበሩም። ቤታችንን ዞር ዞር ብለው አዩና ቀይዋ መብራት ጋ ሲደርሱ ራሳቸውን ያዙ። ከዚያ ቻክ! አጠፏት። ልጄ ከትምህርት ቤት ባመጣችው ዕብራይስጥ እየተረጎመች፣ ፀሐይ እያለች ይህን የሚያበራ ሰው የለም አሉን። ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። ምንም አልፈነዳም። ውሃውም ከሰዓት በኋላ ትኩስ ሆኖ ወረደ።

ቀጥሎ ምድር ቤት የሚኖሩት የየመን አይሁዳዊ ሽማግሌና ባለቤታቸው መጡ። ማን እንደጠራቸው አትጠይቁኝ። እማማ ትርንጎና ሪቭካ ተመካክረው፣ በምን ቋንቋ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ተራ አወጡ። አንድ ሳምንት እኛ ቤት፣ አንድ ሳምንት ሪቭካ ቤት፣ አንድ ሳምንት ሽማግሌው ቤት። የተቀሩት ሁለት ቤቶች ማታ ማታ ጨለማ ናቸው። የሦስታችንም ሂሳብ ወረደ። እኔ ደስ አለኝ፤ የኻሽማሉን ሰዎች ግን አሳሰባቸው።

አንድ ማታ፣ ተራው የእኛ ሆኖ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ በራችንን አንኳኳ። በዚህ ደረጃ ላይ ያሉ ቆጣሪዎች በክረምት እንዲህ ቀስ ማለታቸው አጠራጥሯቸው፣ ኻሽማል የሚሰርቅ አለ ወይ ብሎ ሊያይ ነው የመጣው። አዲስ ገቢ ነን፣ ቋንቋ የለን፣ ሌባ ብንባል ማን ያምነናል? ሰውዬው ወደ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን አየ። ሪቭካ ሹራብ ይሠራሉ፣ ሽማግሌው ለልጆቹ ፊደል ያስቆጥራሉ፣ ባለቤታቸው ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ መሃል ላይ አንዲት ማሞቂያ። የማን ቤት ነው ብሎ ሲጠይቅ ሪቭካም ሽማግሌውም እኩል «የእኛ» አሉ።

እማማ ትርንጎ ምን እንደሚል አልጠየቁም። «ዝናብ መትቶታል፣ ቁጭ በል በለው» አሉኝ። ፋብሪካ በለቀምኳት ዕብራይስጥ ተረጎምኩ። ተቀመጠ። ሻይ ተሰጠው። ሪቭካ ነገሩን ከመጀመሪያው አንስተው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ከተኙበት ቀን ጀምረው ነገሩት። ሰውዬው ከእጁ ያልለየውን ብዕር ኪሱ ከተተው። ሲወጣ በር ላይ ያዘኝ፤ አሁን ነው ጉዱ አልኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቱ ከዚህ ሕንፃ ጀርባ ብቻቸውን እንደሚኖሩና እሳቸውም ማሞቂያ እንደማያበሩ ነገረኝ።

«ማታ ማታ ባመጣቸው ቅር ትሰኛላችሁ?» አለኝ።

በሰደር አልኩት፤ ችግር የለም ማለት ነው። አመጣቸው። ጨዋታ ወዳድ ሴት ናቸው፤ ለማሞቂያዋ ቅርብ የሆነውን ቦታ ያዙ፤ እኔም ወደ መስኮቱ ገፋ አልኩ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ከኻሽማል ያተረፍነው ገንዘብ የት ደረሰ ብዬ ያልጋነሽን ጠየቅኋት። ሳቀች። በሻይ፣ በስኳርና በቆሎ አልቋል፤ እንዲያውም ከራሳችን ጨምረናል። ይህን ለእማማ ትርንጎ እንደ ትልቅ ኪሳራ ብነግራቸው፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

«ታዲያ ገንዘብ ሌላ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።