የባሬላው የኋላ ጫፍ

ባሬላ ሲሸከሙት ከባዱ ጫፍ የትኛው ነው፤ የፊቱ ወይስ የኋላው?

ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ስዞር ኖሬያለሁ። ባሬላ የማታውቁ ካላችሁ (አዲስ አበባ ውስጥ እየኖረ የሕንፃ ግንባታ ያላየ ሰው ካለ ማለቴ ነው) እንደ ቃሬዛ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ የሚይዘው፣ ድንጋዩም አሸዋውም ኮንክሪቱም የሚጫንበት የእንጨት ዕቃ ነው። ገርጂ ከቤታችን ፊት ለፊት ፎቅ ይሠራ ነበር። እኔ አድጌ ጨረስኩ፣ ፎቁ ግን አላለቀም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳ ላይ መጽሐፍ ይዤ እቀመጥና ከመጽሐፉ በላይ አሻግሬ ባሬላ የሚያመላልሱትን አያለሁ። ከፊት ወንድ፣ ከኋላ ሴት። ቅዳሜ ክፍያ ሲሰጥ ወንዶቹ እየሳቁ ይወጣሉ፤ ሴቶቹ እያጉረመረሙ። ለካ ባሬላው አንድ ቢሆንም ክፍያው ሁለት ኖሯል። አባቴን የቱ ጫፍ እንደሚከብድ ጠየቅሁት።

“እኩል ነው” አለኝ፣ ከጋዜጣው ቀና ሳይል።

“ታዲያ ለምን...?”

“ሂጂ የቤት ሥራሽን ሥሪ።”

ሠራሁ። እየሠራሁ፣ እየሠራሁ በኢኮኖሚክስ ተመረቅሁ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ደመወዝ ብዙ አንብቤያለሁ። ደመወዝ በድርድር ይወሰናል ይላሉ መጻሕፍቱ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል። ድርድር አፍ ይፈልጋላ! እንደ እኔ ያለው ዓይነ አፋርስ በምን ይደራደር? እኔ እኮ ታክሲ ውስጥ “ወራጅ አለ” ማለት አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ እየጠበቅሁ፣ ኢምፔሪያል መውረድ ሲገባኝ ስንት ጊዜ አልፌ ሄጄ በእግሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ከእናንተም መካከል ይህን ሲያነብ አንገቱን የደፋ እንዳለ አውቃለሁ።

ብቻ በመጨረሻ ሥራ አገኘሁ። ስለ ኢ-መደበኛ ሥራ፣ ስለ ክፍያና ስለ ገቢ ልዩነት የሚያጠኑ አንዲት ዶክተር ረዳት አድርገው ወሰዱኝ። “ኢ-መደበኛ” የሚለውን ቃል አልወደውም፤ ሰዎቹ ከመስመር የወጡ ያስመስላቸዋል። ውል የሌለው፣ ጡረታ የሌለው፣ ነገ ይኑር አይኑር የማይታወቅ ሥራ ማለት ነው። ከተማዋ የቆመችው ግን በዚሁ ሥራ ነው። ቦሌ ላይ አንዱን ባለ መስታወት ሕንፃ እያሳያችሁ “ይህን ማን ሠራው?” ብላችሁ ብትጠይቁ የባለቤቱን ስም ይነግሯችኋል። ባለቤቱ በዕድሜው አንድ ባሬላ አልነካም።

“ለሚ ኩራ ሂጂ” አሉኝ ዶክተር። “ሴት የቀን ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት የሚሰበሰቡበት አንድ አደባባይ አለ። ወንዶቹ በስንት፣ ሴቶቹ በስንት እንደሚቀጠሩ ለአንድ ወር ያህል ተከታተዪ። አንቺ ዝምተኛ ስለሆንሽ ለዚህ ሥራ ትሆኛለሽ። ማንንም አትረብሺም።”

ማንንም አትረብሺም። እስቲ እንይ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የፕሮጀክት ሰው እንዳልመስል አሮጌ ነጠላ ደርቤ፣ ያለቀለት ሸራ ጫማዬን አድርጌ ሄድኩ። ሌሊቱን ዘንቦ አደባባዩ ዙሪያ ጭቃ ሆኗል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ወገን ቆመዋል። እኔም ሄጄ ከሴቶቹ መካከል ቆምኩ። ሐሳቤ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ማን እንደሆንኩ ተናግሬ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ መጀመር ነበር። “ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ ስለ ቀን ሥራ ክፍያ የማጠና...” የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በልቤ መለማመድ ጀመርኩ። ለዓይነ አፋር ሰው ልምምድ ማለቂያ የለውም። ገና እየተለማመድኩ ሳለ አንድ አይሱዙ መጥቶ ፊታችን ቆመ።

ከጋቢናው የሠራተኞች አለቃው፣ እነሱ ካቦ የሚሉት ሰውዬ ወረደ። “ሶሌታ ሙሌት አለ!” ብሎ ጮኸ። የሕንፃው ወለል ዛሬ በኮንክሪት ሊሞላ ነው ማለቱ ነው። ለወንዶቹ ዋጋ ጠራ፤ ወንዶቹ መኪናው ላይ መውጣት ጀመሩ። ወደ ሴቶቹ ዞሮ ከዚያ ያነሰ ዋጋ ጠራ። ይህን ጊዜ በዙሪያዬ የቆሙት ሴቶች በሙሉ፣ ማንም ምንም ሳይናገር፣ ቁጭ አሉ። ድንጋይ ያገኘችው ድንጋይ ላይ፣ ያላገኘችው የመንገዱ ጠርዝ ላይ።

ሥራው ሳይጀመር ደከማቸው እንዴ ብዬ አሰብኩ። እኔ ዓረፍተ ነገሬን እየተለማመድኩ እንደቆምኩ ቀረሁ።

እኔ ያኔ የማላውቀውን ለእናንተ አሁኑኑ ልንገራችሁ። በዚያ አደባባይ መቀመጥ “በዚህ ዋጋ አንነሣም” ማለት ነው። ክርክር የለም፣ ስድብ የለም፤ “ይቺ አስቸጋሪ ናት” ተብላ ለነገ የምትለይ ሴትም የለችም። የቆመች ግን ተስማምታለች። አንዷ በትንሹ ዋጋ ከሄደች ደግሞ የዚያን ቀን የሁሉም ዋጋ ያው ይሆናል። ሴቶቹ የወንዶቹን ዋጋ ካላገኘን አንነሣም ሲሉ ይህ የመጀመሪያ ቀናቸው ነበር። የሙሌት ቀን የመረጡትም ኮንክሪት ከተጀመረ ለነገ ስለማይባል ነው።

“ጎበዝ!” አለ ካቦው በጣቱ ወደ እኔ እየጠቆመ። “ይኸው! ገበያ የገባት አንድ ሰው አለች። ባለ ነጠላዋ፣ ነይ ውጪ!”

ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። መሐል ላይ የተቀመጠች ቀይ ሻሽ ያሰረች፣ በዕድሜ ከሁላችንም የምትበልጥ ሴት ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። ስሟ ዘሃራ መሆኑን በኋላ ሰማሁ።

“አንቺ ልጅ፣ ጉልበትሽ አይታጠፍም እንዴ?”

“ምሰሶ ናት፣ ተያት!” አለች ከወደ ኋላ አንዷ።

ሳቁ። ሳቁ ግን አልዘለቀም፤ ከአጠገቤ የነበረች ልጅ “እሷ ከሄደች እኔም ልሂድ እንጂ፣ ሥራ ካገኘሁ ሳምንት አለፈኝ” እያለች ብድግ ልትል ስትል ዘሃራ ቀሚሷን ያዘቻት። ሌላዋም ወደ መኪናው ማየት ጀመረች። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። እነዚህ ሴቶች ሲመካከሩበት የከረሙት ነገር እኔ በመቆሜ ብቻ ሊፈርስ ነው።

መናገር ነበረብኝ። ስለማመዳት የቆየሁት ዓረፍተ ነገር አልወጣ አለችኝ። አፌ እምቢ ሲለኝ የቀረኝን አደረግሁ። አይሱዙው ፊት፣ ከጎማው አጠገብ፣ ጭቃው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሾፌሩ ሳይቀር አውካካ።

“ደግሞ ይቺን ምን ነካት?” አለ ካቦው።

“ዋጋውን ስትሰማ አዞራት!” አለች ዘሃራ።

ብድግ ልትል የነበረችው ልጅ እየሳቀች ተመልሳ ተቀመጠች። የካቦው ስልክ ጮኸ። ከወዲያ በኩል የሚናገረው ሰው ድምፅ እኛ ድረስ ይሰማል፤ ሚክሰሩ መሽከርከር ጀምሯል፣ ሰው የታል እያለ ነው። ካቦው ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፣ እኔን አየኝ፣ ጎማውን አየ።

“እሺ በቃ! በወንዶቹ ዋጋ! ውጡ!”

እልልታ የሚቀልጥ መስሎኝ ነበር። ማንም እልል አላለም። ቀሚሳቸውን አራግፈው፣ እንደ ማንኛውም ቀን፣ ተነሡ። እንደዚያ አነሣሥ የሚያኮራ ነገር አይቼ አላውቅም። ዘሃራ እጄን ይዛ ስታነሣኝ ሠራተኛ ሳልሆን የጥናት ሰው መሆኔን በጆሮዋ ነገርኳት። ደግሜ እስክነግራት አላመነችም። ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

“ካቦው ቆጥሮሻል እንግዲህ። ነይ ባሬላ ያዢ!”

ያዝኩ። ከፊት አንድ ረጅም ጎልማሳ፣ ከኋላ እኔ፤ በእንጨት መወጣጫው ወደ ሁለተኛው ፎቅ። እጄ ውኃ እስኪቋጥር ድረስ አልለቀቅሁም፤ ምሳ ላይ አዝነውልኝ ወደ ውኃ ማቀበል አዛወሩኝ። መልሱን ልንገራችሁ? ሽቅብ ሲወጡ ጭነቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የኋላው ይከብዳል። አባቴ ተሳስቷል።

ስንለያይ ዘሃራ የሁላችንም ክፍያ ከወንዶቹ እኩል መሆኑን በዓይኗ ካረጋገጠች በኋላ ወደ እኔ መጣች። “እንግዲህ ዛሬን አደራ ጻፊው። የወትሮውንማ ማን አጣው” አለችኝ። እጽፋለሁ አልኩ።

ጻፍኩም። ወሩ ሲያልቅ ዶክተር የጻፍኩትን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። “ይህ ቀን ይውጣ” አሉ። “አጥኚዋ ራሷ ጭቃ ላይ ተቀምጣ የዋለችበት ቀን መረጃ አይባልም።” እውነታቸውን ነው፤ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ችግሩ ዝናቡ በርትቶ ከዚያ ወዲህ ሙሌት አልነበረም፤ ሴቶቹም በወትሮው ዋጋ ሲሠሩ ከረሙ። ያ ቀን ከወጣ ጥናቱ የሚለው፣ በዚያ አደባባይ ሴቶች በወንዶቹ ዋጋ ተቀጥረው አያውቁም ነው።

ዶክተር ፊቴን አይተው ትንሽ አሰቡ። “ወይም ለብቻው፣ እንደ መስክ ገጠመኝ ይግባ። ግን የሆነውን ሁሉ፣ በመቆምሽ ልታፈርሺባቸው እንደነበረም ጭምር፣ ሐሙስ በመምህራኑ ስብሰባ ላይ ራስሽ ቆመሽ ታስረጃለሽ። ጥያቄም ይኖራል።” ይህን ሲሉ ምን እንደምመልስ ያወቁ መስሏቸዋል። አራት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ እጅ አውጥቼ አላውቅም፤ እሳቸውም አስተምረውኛል።

ይውጣ ማለት አንዲት ቃል ናት። እንደ እኔ ላለችው እፎይታም ናት። ግን ያ ቀን ከወጣ ሴቶቹ እንዳልተቀመጡ፣ ካቦውም እንዳልተሸነፈ ሊሆን ነው።

“ይግባ” አልኩ።

ዶክተር አልሰሙኝም። “ምን አልሽ?”

“ይግባ። እኔ አቀርበዋለሁ።”

ነገ ሐሙስ ነው። አዳራሹ ትልቅ ነው፣ መምህራኑ ብዙ ናቸው፣ ማይክሮፎኑም አንዳንዴ አይሠራም ይላሉ። ያም ሆኖ ፊት ወጥቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናገራለሁ። ድምፄ ያነሰበት ሰው ወንበሩን ስቦ ይጠጋ።