ሁሉን አንድ ዓይነት የሚወድ ሰውና የእትዬ የሺ ገብስ

ምንጮቼ አይጥ የቀማመሰው የመስክ ማስታወሻዬና እኔ ራሴ የማላምነው ትዝታዬ ናቸው፤ ስለዚህ ቀኑን አትጠይቁኝ። ሁሉን ነገር አንድ ዓይነት ካላደረገ የማያርፍ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በደርግ ዘመን፣ የዘር ተመራማሪ ሆኜ ገነተ ማርያም አጠገብ ስሠራ ገጥሞኛል። የግብርና ኃላፊ ነበር፤ በአንድ ማሳ ነጭና ጥቁር ገብስ ተቀላቅሎ ሲያይ አድማ የተመታበት ያህል ይከፋዋል።

«እትዬ የሺ፣ ይህን ቅልቅል ትተው ምርጥ ዘሩን ብቻ ይዝሩ» አላቸው ባለማሳዋን።

«ውርጭ ሲወርድ ነጩ ይሞታል፣ ጥቁሩ ያበላኛል። የእርስዎ አንዱ ሲሞት ማን ያብላኝ፣ ጓድ?»

«መመሪያ ነው። ምርጥ ዘሩ ካልተዘራ ማሳው ለሌላ ይሰጣል።»

«እንግዲያው መመሪያውን አስቀድመው ለውርጩ ያንብቡለት።»

በመኸር ማሳው እንደወትሮው ዝንጉርጉር ሆኖ ተገኘ። እኔም ፍሬውን ላቦራቶሪ ወስጄ ዝርያን ከዝርያ የሚለየውን የፕሮቲን ምልክት መረመርሁ። በዓይን ሁለት የመሰለን ገብስ ብዙ ዝርያ ሆኖ ወጣ፤ ከመካከላቸውም አንዱ የኃላፊው ምርጥ ዘር ነበር። «ምርጥ ዘሩ በማሳው ተገኝቷል፤ የቀረው ብዝኃነትም ሊነካ አይገባም» ብዬ በሪፖርቴ ጻፍሁ፤ ስለ ብዝኃነቱ ያልሁትን ቀንስ ብባልም ሳልቀንስ ፈረምሁ። ማሳውም አልተወሰደም።

እትዬ የሺ ምርጥ ዘሩን ከገብሳቸው ቀላቅለው ዘርተውት ይሁን፣ ወይስ ቀድሞ ምርጥ ዘሩን የወቀጥሁበት የላቦራቶሪ ሙቀጫዬ በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ፣ እስከ ዛሬ አላረጋገጥሁም።