ስለ ራም ሁሉም ያውቃል

ኮምፒውተርን የሚያበላሸው ቫይረስ አይደለም፤ ምክር ነው። ካላመናችሁኝ የእኔን ጉድ ስሙ።

ጎረቤቴ መሪጌታ ይኄይስ ዕድሜ ልካቸውን የተቀኙትን ቅኔ በላፕቶፔ እየጻፍኩላቸው ነው። ቅኔው ያለው በእሳቸው ጭንቅላት ብቻ ነው። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ጠቅልለው ገዳም ሊገቡ ነው። ታዲያ እሳቸው አንዱን ቅኔ ብለው ሲጨርሱ፣ የእኔ ላፕቶፕ ገና የመጀመሪያውን ፊደል ያምጣል... መድኃኒቱ ራም የሚሉትን፣ ማሽኑን የሚያፈጥነውን የማስታወሻ ክፍል፣ መጨመር ነው ተባልኩና ፍለጋ ወጣሁ።

ገበያው አጠገብ ያለው ባለ ሱቅ ላፕቶፑን ከነቦርሳው አየት አድርጎ "ዲዲአር አራት ነው" አለኝ። ዲዲአር የራም ዓይነት ነው፤ ሦስትም አራትም አለ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የቢሮ ባልደረባዬ ሦስት ነው ብሎ ማለልኝ። የባጃጁ ሹፌር ሳይቀር በመስታወቱ እያየኝ "ዋናው ጊጋው ነው፣ ዓይነቱ ለውጥ የለውም" አለኝ። ኢንተርኔት ስገባማ ሰው ሁሉ አንድምታ ይተረጉማል! አንድም ሦስት ነው፣ አንድም አራት ነው፣ አንድም ማሽኑን ጣለው...

እናንተስ ብትሆኑ ማንን ታምናላችሁ? እኔ ብዙ ላይክ ያለውን አመንኩና ዲዲአር አራቱን ከባሕር ዳር አስመጣሁ። አልገባም። ለባለ ሱቁ ብደውል "ጫን በለው" አለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ጫን አልኩት። ላፕቶፑ ጨርሶ አልነሳም አለ። የጻፍነው ሁሉ ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው።

መሪጌታ ሰምተው አልተቆጡም። እንደ ተማሪያቸው ጠየቁኝ እንጂ።

"አራት ነው ያለህ ማነው?"

"ኢንተርኔት፣ የኔታ።"

"እሱስ ከማን ሰማው?"

"ከሌላ ኢንተርኔት..."

"መምህር የለውም በለኛ። ከጠየቅሃቸው ውስጥ አላውቅም ያለህ የለም?"

አንዲት እንደ ነበረች ነገርኳቸው። መናኸሪያው ጎን ትንሽ የጥገና ሱቅ ያላት ትዕግሥት "ሳልከፍተው አላውቅም" ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ይቺማ ጀማሪ ናት ብዬ ጥያት ሄድኩ።

"እሷ ዘንድ ሂድ" አሉኝ። "እኛ ቤት ተማሪ የሚከተለው፣ ያልሰማውን አልሰማሁም የሚለውን መምህር ነው።"

ትዕግሥት ከፈተችው። ከፋብሪካ አብሮት የመጣውን ነባሩን ራም አንስታ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየችኝ። ሦስት ነው፤ ተጽፎበታል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አገር ምድሩን ስጠይቅ መልሱን በቦርሳዬ ይዤው እዞር ነበር። ትክክለኛውን ስታስገባለት ላፕቶፑ ተነሳ። ቅኔውም አለ። እፎይ አልኩ።

ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው የመጨረሻው ቅኔ ላይ ደረስን። አሁን ላፕቶፑ ይፈጥናል፤ የቆሙት መሪጌታ ናቸው። አንዲት ቃል ጠፋቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈልጓት ጀመር። የእኔ ግእዝ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ከሰማሁት አያልፍም፤ አፌ ግን አላስቻለውም። "እንዲህ ነው የሚለው፣ የኔታ" ብዬ አንዱን ቃል በሙሉ ልብ አቀበልኳቸው።

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

"አላስታወስኳትም፣ ልጄ። ቦታዋን ባዶ ተዋት።"

ባዶ ተውኳት። ለካስ ያን ሁሉ ቀን ስረግመው የከረምኩት ኢንተርኔት እኔ ነኝ።