ወይዘሮ ጌታነሽና ያልሄድኩበት ጉድጓድ

የቀረበለትን ውሃ ዝም ብሎ የማይጠጣ ሰው የሌለበት አገር የለም። እናንተ ጠምቷችሁ ጣሳውን አፋችሁ ላይ ስታደርሱ፣ እሱ ውሃው ከየት እንደተቀዳ፣ እንስራው መቼ እንደታጠበ ይመረምራል። በእኛ በኩል ይህን ሹመት የያዙት፣ ከዘመሮ ወጣ ብላ ባለች መንደር የሚኖሩት ወይዘሮ ጌታነሽ ነበሩ። መሐል ሜዳ ከተማ ያለን የውሃ ቢሮ ሰዎች እሳቸው በሌሉበት «ክብርት የከርሰ ምድር ሚኒስትር» እንላቸው ነበር።

የክብርትነታቸው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ከበላዩ ምን አለ?» ለቅሶ ቤት ውሃ ሲታደል ይጠይቃሉ። ጸበሉ ዘንድ ሳይቀር ጠይቀው፣ ቄስ መርስዔ ኃዘን ከምንጩ በላይ የታሰረችውን በቅሏቸውን ወደ ታች እስኪያወርዱ ቆመው ጠብቀዋል። ሁሉም ሰው ሽንት ቤት ይቆፍር በተባለበት ዓመትማ ገመድ ይዘው ርቀት እየለኩ በየጓሮው ዞሩ። ለመንደሩ የውሃ ጉድጓድ የቀረበ ሆኖ ያገኙትን ሁሉ፣ ወገቡ ድረስ ቆፍሮ የገባውንም፣ «ልጄ፣ ውጣ» ብለው አስወጥተዋል።

ስቄባቸዋለሁ። የእኔ ሥራ ግን ያው የእሳቸው ጥያቄ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የተቀጠርኩት በየሦስት ወሩ ጥልቀት የሌላቸውን ጉድጓዶች እየዞርኩ ውሃቸውን ለምርመራ እንድቀዳ፣ በዙሪያቸው ያለውም መሬት እርሻ ይሁን ግጦሽ ወይም በረት ቅጽ ላይ እንድሞላ ነው። መሬት ላይ ያለው ሁሉ ከዝናቡ ጋር ሰርጎ እዚያ ይገባልና። ክረምቱ ሲገባ መንገዱ ጨቀየ፤ ብርዱም ከበደኝ። ወደ ዘመሮ መሄዱን ተውኩና የመጋቢቱን ቅጽ አውጥቼ ቁጥሩንም ሌላውንም እንዳለ ገለበጥኩ። ቀኑን ብቻ ቀየርኩ። ሁለት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ።

በጥቅምት ወይዘሮ ጌታነሽ ቢሮዬ መጡ። የጎረቤታቸው የጥሩሸዋ ሕፃን ተቅማጥ ከያዛት ሦስተኛ ሳምንቷ እንደሆነ፣ ሌሎችም ልጆች እንደታመሙ ነገሩኝ። እኔም ውሃው ተመርምሮ ንጹሕ መሆኑን አስረድቼ፣ ማስረጃ እንዲሆነኝ ቅጹን ዘረጋሁላቸው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማንበብ እንደተማሩ አላውቅም ነበር። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ጣታቸው «ከጉድጓዱ በላይ፦ ሣር» የሚለው ላይ ቆመ።

«ዳኜ እዚህ ላይ የበግ በረት ከሠራ አምስት ወሩ ነው» አሉ። «አንሣ ብለው፣ መንግሥት እየመረመረው ምንም አላለኝ፣ አንቺ ማን ነሽ ይለኛል።» ቅጹን አጥፈው እየመለሱልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለካ አልመጣህም።»

አለቃዬ ጎኔ ነበሩ። ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት እሳቸው እንዳይሰሙ ነው። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሄድኩ። ዝናቡ የበረቱን ፍግ እያጠበ እስከ ጉድጓዱ አፍ የወረደበት መስመር ከሩቅ ይታያል። ምርመራውም ያንኑ አረጋገጠ። ጉድጓዱ በመድኃኒት ታከመ፤ ዳኜም ውጤቱን ሲሰማ በረቱን በገዛ እጁ አፍርሶ ወደ ታች ወሰደ። ሕፃኗ ጤና ጣቢያ ሰንብታ ዳነች።

ከዚያ መንደሩ ሊያመሰግነኝ ጠራኝ። ጉድጓዱ አጠገብ ተሰብስበው ጠበቁኝ። ጥሩሸዋ ልጇን ታቅፋ መጥታ «እግርህን እንቅፋት አይንካው» ብላ ስትመርቀኝ ወይዘሮ ጌታነሽን አየኋቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ጉዴን ለማንም አልተናገሩም። ምርቃቱን መሸከም አቃተኝ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት እንዳልመጣሁ፣ ቁጥሩንም ከአሮጌ ወረቀት እንደገለበጥኩ በሁሉም ፊት ተናገርኩ።

ጥሩሸዋ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከስድብ ሁሉ ያቺ እርምጃ ትከብደኛለች። ዳኜ ፊቱን አዞረ።

በመጨረሻ ወይዘሮ ጌታነሽ ድንጋያቸው ላይ ጠጋ አሉ።

«አሁን መጥቷል» አሉ። «ይቀመጥ።»

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ቀና ብዬ ማንንም ሳላይ፣ ትከሻቸው ትከሻዬን እየነካኝ።