የሐጂ አደራና የጥሩየ ከፋይ

«የሰጠ ቢነሳ፣ የለበትም ወቀሳ» ይባላል። ይህ የተባለው ግን ለፈጣሪ ነው፤ ያውም ለሐዘንተኛ ማጽናኛ። ባለ ሱቅ መቼ ከፈጣሪ እኩል እንደ ተቆጠረ እኔ አላውቅም። ዘንድሮ ልጄ ከአንድ ትልቅ ሱቅ የስጦታ ካርድ ገዝታ ሰጠችኝ። እኔም እንደ ሽማግሌ ወጌ በደረት ኪሴ ይዤው ከርሜ ሸሚዝ ልገዛበት ብሄድ፣ አንዲት ደርባባ ገንዘብ ተቀባይ «አባባ፣ ጊዜው አልፎበታል» አለችኝ። የምን ጊዜ? የልጄ ብር እናንተ ካዝና ሲገባ ጊዜ አላለፈበትም፤ የኔ ሸሚዝ ላይ ሲደርስ ነው ያለፈበት? ይህን ብዬ ብጠይቃት ሥርዓቱ ነው አለችኝ። ሥርዓት ሲባል አፌን እይዛለሁ፤ በደርግ ዘመን የጎለመስሁ ሰው ነኝ።

እንግዲህ ስጦታ ጊዜ ሊያልፍበት ይገባል ወይ ብትሉኝ፣ አይገባም ባይ ነኝ። ብቻ እንዲህ ባልሁ ቁጥር አንድ ነገር ትዝ እያለኝ ድምፄ ይለዝባል። ጊዜ የማያልፍበት ስጦታ አንድን ደግ ሰው ወህኒ ሊያወርደው ሲል ወረታ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወረታ አስተማሪ ነበርሁ። ጥሩየን ሳገባ፣ አጎቷ መሪጌታ ፈንታ ለሠርጓ አንድ በሬ ሸጡ። መሪጌታ ከፎገራ ሜዳ ውስጥ ካለ ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ለሙሽራ በእጅ የተሰጠ ብር ሚዜ ይጠጣዋል ብለው ያምኑ ነበር፤ ሚዜዎቼን ስለማውቃቸው አልፈርድባቸውም። ስለዚህ የበሬውን ብር ይዘው መንገዱ ከሚገነጠልበት ዘንድ ጨርቅ ለሚነግዱት ለሐጂ እንድሪስ ሰጡና፣ ልጅቱ መጥታ ያማራትን ትምረጥ አሉ። ሐጂ ባዶ የሻይ ቅጠል ካርቶን አንስተው ሲኒ የተሳለበትን ፊቱን ለሁለት ቀደዱት። ግማሹ ለሙሽራዋ፣ ግማሹ ለሐጂ። ጽሑፍ የለ፣ ማኅተም የለ፤ ሁለቱ ባለ ጥምጣሞች ተመራረቁና ተለያዩ። ዛሬ ካርድ እያሉ ሲያስደንቁኝ የማልደነቀው ለዚህ ነው።

ጥሩየ በጫጉላዋ ማግስት ሄዳ መረጠች። የመረጠችው አረንጓዴ ከፋይ ነው፤ እጅ ሲያልፍበት ቀለሙ የሚለዋወጥ፣ የመሳፍንት ካባ የሚሠራበት ዓይነት ለስላሳ ጨርቅ። መረጠችና ምን አለች? «ሐጂ፣ እርስዎ ዘንድ ይቆይልኝ» አለች። ቤታችን አይጥ አለ፤ ከአይጥም የባሱ ልብስ የሚዋሱ ዘመዶች አሉ። ደግሞም ከፋይ የዘወትር አይደለም፣ የክት ነው። የክት ልብስ ደግሞ የክት ቀን ይፈልጋል።

እስቲ ይታያችሁ፣ የኛ ሰው እኮ ያለውን ጥሩ ነገር ሁሉ ለማይመጣ ቀን ያስቀምጣል። የበኩር ልጃችን ክርስትና ሲደርስ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሆነ፤ በጭቃ ከፋይ አይለበስም ተባለ። በፋሲካው ዘመድ ሞተ። በሌላው ዓመት የአብዮት በዓል ነበረና ልበሽው ብላት፣ ለሰልፍ ብዬ ከፋዬን ፀሐይ ላስመታው ወይ ብላ ተቆጣችኝ። እኔም ፎገራን በሚያህል የላም አገር ተቀምጠሽ አንቺ ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆንሽብኝ እላት ነበር። እሷ «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» ብላ ትመልስልኛለች። በተረት አልችላትም።

በየገበያው ቀን ግን ሐጂ ዘንድ ትሄዳለች። ሐጂ አንድም ቀን ሳይሰለቹ ከፋዩን ከላይኛው መደርደሪያ ያወርዱላታል። ትዳስሰዋለች፣ አቧራውን ታራግፋለች፣ ደኅና ዋሉ ብላ ትመጣለች። በዚህ መካከል መሪጌታ አረፉ፣ የጨርቁም ዋጋ ተሰቀለ። ሐጂ ቅር አላላቸውም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው።

በኋላ ጨርቅ ከአገር ጠፋ። አቡጀዲ እንኳ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ሆነ። ዕቃ የደበቀ ነጋዴ አሻጥረኛ የሚባልበት፣ ሱቁ ታሽጎ እሱም የሚታሰርበት ጊዜ መጣ። ከከተማ የተላከልን ወጣት ካድሬ አንድ ቀን ሐጂ ሱቅ ገባ፤ ባዶ በባዶ ከሆነው መደርደሪያ ጫፍ አረንጓዴው ከፋይ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል። ስንት ነው ቢል ሐጂ አይሸጥም አሉት። በዚያ ዘመን ለካድሬ «አይሸጥም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። የማነው ቢል የመምህሩ ሚስት ነው አሉት። ከመቼ ጀምሮ ቢል ከሠርጓ ጀምሮ አሉ። ልጇ ስንት ዓመቱ ነው ቢል ፊደል ጨርሷል አሉ። ሐጂ ውሸት አይሆንላቸውም፤ ጥፋታቸው እሱ ነው።

ሱቁ ያን ዕለት ታሸገ። በማግሥቱ ሕዝብ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ፤ ሐጂ በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መካከል ቆሙ። ከፋዩም እንደ ተከሳሽ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ካድሬው፣ ሰፊው ሕዝብ ታርዞ ሳለ አንዲት ሴት ይህን መሳይ ጨርቅ ለዓመታት ሱቅ ውስጥ ትታ ትኖራለች ብሎ የሚያምን ማን ነው አለ። እውነት ለመናገር ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ እኔም ለዓመታት ስጠይቃት የኖርሁት እሱን ነው። እጄን አውጥቼ ስለ ግማሹ ካርቶን መሰከርሁ። ሐጂ ከከፋዩ ጋር በመርፌ ያያዙትን የራሳቸውን ግማሽ አሳዩ። ካድሬው ግማሽ ካርቶን ሁሉም ቤት አለ፣ ሌላኛው የታለ አለኝ። ከሠርጌ ወዲህ አይቼው አላውቅም። አፈርሁ፣ ፈራሁም፤ ሐጂ በኛ ቤት መዘዝ ሊታሰሩ ነው።

ይኼኔ ጥሩየ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሚስቴ ካገባኋት ጀምሮ በአንገቷ ቆዳ የተለበጠ ክታብ ታስራለች። አጎቷ የጻፉላት የዓይነ ጥላ መከላከያ ይመስለኝ ነበር፤ ቤታችን ሰላም የሆነውም በሱ ነው ብዬ አምን ነበር። ካድሬው ደግሞ ክታብ አስሮ ስብሰባ የሚመጣውን ሁሉ አድሃሪ እያለ ሲነዘንዝ፣ ከሷ አንገት ግን ማስወለቅ አልቻለም። አሁን ጠረጴዛው ዘንድ ቀርባ ክታቧን በጥሳ አስቀመጠችና ቢላ አለህ ወይ አለችው።

የካድሬው ፊት በራ። ሰንጢውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣትና ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ይች ጭቁን ሴት የጨለማን ሰንሰለት በገዛ እጇ ስትበጥስ እዩ፣ አጨብጭቡ አለ። አጨበጨብን። እሷ ስፌቱን ፈታች፤ ከቆዳው ውስጥ ተጣጥፋ የወጣችው ግማሽ የሻይ ካርቶን ነበረች።

«ክታቤ ይኸው፤ ሐጂ የያዙትን አምጡና ግጠሙት» አለች።

የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የእኛው አገር ሰው ነው፣ ሁለቱን አስጠጋቸው። የሲኒዋ ጆሮ በጥሩየ ግማሽ፣ ሆዷ በሐጂ ግማሽ፤ ፈገግ ሳይል አይቶ ሙሉ ሲኒ ናት አለ። ያን ጊዜ የተጨበጨበው ጭብጨባ ማንም ያላዘዘው ነው። ደስ አለኝ፤ ለዓመታት በክታብ ኃይል የኖርሁ መስሎኝ በሻይ ቅጠል ካርቶን መኖሬን ብሰማም ደስ አለኝ።

ሊቀ መንበሩ ፈረደ። ሐጂ ነፃ ናቸው፣ ሱቃቸው ይከፈት፤ ነገር ግን ጥሩየ ከፋይዋን ዛሬውኑ ትውሰድ፣ አሰፍታም በሚቀጥለው ስብሰባ ለብሳ ትታይ። ከእንግዲህም በዚህ ቀበሌ በሱቅ የተቀመጠ ስጦታ በአንድ ወር ውስጥ ይወሰድ። እነሆ የስጦታ ጊዜ ያልፋል የሚለው ሕግ በወረታ እንዲህ ታወጀ። እኔ ሁለቱንም እጄን ነው ያወጣሁ።

ጥሩየ ልብስ ሰፊው ደጅ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለክርስትናና ለፋሲካ የነፈገችውን ከፋይ ለቀበሌ ስብሰባ ልትለብሰው ነው። ለበሰችውም። ግን ምን ዋጋ አለው እንዳትሉ፤ ያን ቀን ከሜዳውም ከከተማውም ያልመጣች ሴት አልነበረችም፣ አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት ታየ። እሷ ስትገባ እልልታው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ካድሬው የሴቶችን ንቃት በማሳደጉ ከበላይ ምስጋና እንደ ተጻፈለት ሰምቻለሁ። እኔ ግን ሚስቴን አዲስ አየኋት፤ ያን ቀን ያማረችውን ያህል በሠርጓም አላማረችም።

በሳምንቱ ጥሩየ ቀሚሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ እኔን አስከትላ፣ ሐጂ ሱቅ ሄደች።

«ሐጂ፣ ቤቴ አይጥ አለ። ለክት ቀን ያስቀምጡልኝ» አለች።

ሐጂ ተነሥተው ቆሙ። «ልጄ ጥሩየ፣ ከፈለግሽ ባልሽን አምጭና እሱን ዕድሜ ልኬን ላስቀምጥልሽ። ይችን ግን በአላህ ይዘሽልኝ ሂጂ።»

እኔ ከደጅ ቆሜ እስቅ ነበር። ጥሩየ ዞር ብላ አየችኝ፤ ቀጥላ ከፋዩን አየች፤ ተመልሳ እኔን አየች። ለጨዋታ የተባለ ነገር ያን ያህል ያሳስባል እንዴ?